ደብዳቤው አይደርስም፣ መርዶው ግን ይደርሳል

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የመጀመሪያ ልብ ወለዴን እየጻፍኩ ነው። የፍቅር ታሪክ ነው፤ ዘመኑ ከ1927 እስከ 1933። እሷ አዲስ አበባ ያደገች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተማሪ ናት፤ እሱ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንን። ቤተሰብ ያውቃል፤ ታጭተዋል። ጣሊያን ሲገባ ይለያያሉ። እሱ ወደ ኬንያ ይሰደዳል፤ እሷ ከየካቲት 12 በኋላ ወደ ጣሊያን ትጋዛለች። አምስቱን ዓመት ደብዳቤ እየተጻጻፉ ይቆዩና ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ላይ ይገናኛሉ። መሐል ላይ የሚወዳት አንድ ጣሊያናዊ መኮንንም አለ። ረቂቁን ያነበበ ሰው ‹አያሳምንም› አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላብራራልኝም። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?»

እህቴ፣ ዘመኑን ጥሩ መርጠሻል። እኔ የዚያን ጊዜ ታሪክ አስተምራለሁ፤ የደራስያን ረቂቅም አልፎ አልፎ ይመጣልኛል። ስለ አምስቱ ዓመት የሚጻፈው አብዛኛው ተኩስና ሽለላ ነው። አርበኛ አለ፣ ባንዳ አለ፣ ምሽግ አለ። ተለያይተው የቀሩት ባልና ሚስት ግን እምብዛም አይታዩም። ስለዚህ ግፊበት።

የሳትሽው ደብዳቤው ላይ ነው። ሌላው ስህተት ሁሉ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ሁለቱ ሰዎችሽ አንዳቸው ስለ ሌላው ከመጠን በላይ ያውቃሉ። እሱ ኬንያ ውስጥ ኢሲዮሎ ካምፕ ተቀምጦ እሷ ምን እንደምትበላ ያውቃል። እሷ ደሴት ላይ ታስራ እሱን ወባ እንደያዘው ትሰማለች። በዚያ ጊዜ ሰውን ከሰው የለየው ርቀቱ ብቻ አልነበረም፤ አለማወቁም ነበር። ይኑር ይሙት፣ ይታሰር ይግባ፣ ያግባ ይመንኩስ፣ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ለፍቅር ልብ ወለድ ከዚህ የበለጠ ሞተር ከየት ይመጣል? አንቺ ግን በየሦስት ምዕራፉ ፖስታ እየላክሽ ሞተሩን ታጠፊዋለሽ።

መጀመሪያ የእሱን መንገድ እንይ። የሆለታ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1927 ነው፤ አሠልጣኞቹ ስዊድናውያን መኮንኖች ነበሩ። ጠላት መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ነው። ልጆቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው ማለት ነው። ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ጦሩ ከተፈታ በኋላ፣ ጠላት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ ጥርማ በር ላይ እንዲመክቱ የተላኩት እነዚህ ዕጩ መኮንኖች ናቸው። አልሆነም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 በባቡር ወደ ጂቡቲ ሄዱ። ከተማው ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ሚያዝያ 27 ጣሊያን ገባ።

ከዕጩ መኮንኖቹ ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ነው የሄዱት። ነቀምቴ ላይ የጥቁር አንበሳ ማኅበር ተመሠረተ፤ መሪው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። በሰኔ 1928 ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ያቃጠሉት የዚህ ማኅበር ልጆች ናቸው። (ይህን ትዕይንት ረቂቅሽ ውስጥ አላየሁትም። እንዴት ተዘለለ?) ከዚያ ከራስ እምሩ ጋር ሆነው ወደ ደቡብ ሲያቀኑ ተከበቡ፤ ታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጅ ሰጡ። ራስ እምሩ ወደ ፖንዛ ደሴት ተጋዙ። ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ከየካቲት 12 በኋላ ተረሸኑ።

እንግዲህ ካርታውን ዘርጊና ተመልከቺ። ነቀምቴ ያለን ልጅ በአንድ አንቀጽ ኢሲዮሎ ማድረስ አይቻልም። ሁለት መንገድ አለሽ።

አንደኛው ሱዳን ነው። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ይወርዳል። ጋምቤላ ላይ እንግሊዞች በውል የያዙት የንግድ ቦታ ነበር። ከዚያ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን የሚሄዱት መርከቦች ግን የሚሠሩት ወንዙ በሚሞላበት በክረምቱ ወራት ነው። ስለዚህ ሰውየው ጥቂት ሳምንት ከዘገየ ውሃው ይጎድልበታል። ለምን እንደዘገየ አንቺ ታውቂያለሽ፤ የእሷን ወሬ ሲጠብቅ ነው። ይህ አንዱ ምዕራፍ ነው፤ በነፃ ወስደሽዋል።

ሁለተኛው ደቡብ ነው። ከጦርነቱ በፊት ወይም መጀመሪያው ላይ ወደ ራስ ደስታ ዳምጠው ጦር፣ ወደ ሲዳሞ ግንባር እንዲላክ አድርጊው። ነገሌ በጥር 1928 ወደቀ። ራስ ደስታ ግን እስከ 1929 ድረስ ተዋግተዋል፤ ተይዘው የተረሸኑት የካቲት 17 ቀን ነው፣ አዲስ አበባ ከተጨፈጨፈች ከአምስት ቀን በኋላ። ከዚያ ጦር የተረፈው ወደ ቦረና ወርዶ ኬንያ ገባ። እንግሊዞች መሣሪያቸውን ተቀብለው ኢሲዮሎ ካምፕ አስቀመጧቸው፤ በኋላም ወደ ታቬታ አዛወሯቸው። ካምፑ ውስጥ ከጣሊያን ጦር የከዱ ኤርትራውያን አስካሪዎችም ነበሩ። ትናንት የተታኮሱ ሰዎች በአንድ አጥር ውስጥ ይውላሉ። ለጀግናሽ ጓደኛ ካስፈለገሽ ከእነሱ አንዱን ስጪው። አዲስ አበባ ምን እንደሆነች፣ የትኛው ሰፈር እንደተቃጠለ፣ በዓይኑ ያየ ሰው ሊሆን ይችላል። ግማሹን እውነት፣ ግማሹን ሰምቶ ያወራለታል።

እኔ ብሆን ኬንያን እመርጣለሁ። ምክንያቱ የታሪክሽ መጨረሻ ነው። ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 እንግሊዝ ላይ ጦርነት ካወጀች በኋላ፣ ኬንያ ካሉት ስደተኞች ተመልምሎ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ የተባለ ጦር ተቋቋመ። ይህ ጦር ወደ ሱዳን ተወስዶ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመቻ ጋር ጎጃም ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ድንበር የተሻገሩት ጥር 12 ቀን 1933 ነው። ሻለቃው ደንበጫ አጠገብ ከቡሬ ከሚያፈገፍገው ትልቅ የጣሊያን ጦር ጋር ፊት ለፊት ተገጣጥሞ ብዙ ሰው አጣ። ስለዚህ ልጅሽ ከሲዳሞ ኬንያ፣ ከኬንያ ካርቱም፣ ከካርቱም ጎጃም ይዞራል። በአንድ በር ወጥቶ በሌላ በር ይገባል። የሚያልፍበት አገር ሁሉ እሷ የሌለችበት ነው። ይህን ጉዞ ታሪኩ ራሱ ሠርቶ አስቀምጦልሻል።

አሁን ወደ እሷ። አባቷ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ነው ብለሻል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በይ። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ሦስት ቀን የሆነውን ታውቂያለሽ፤ በረቂቅሽም ደህና አድርገሽ ጽፈሽዋል። የጎጆዎቹ ቃጠሎ፣ የጥቁር ሸሚዞቹ አካፋና ዱላ፣ ሁሉም አለ። ከዚያ በኋላ ግን የተያዘው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ አልሄደም። ወደ ጣሊያን የተጋዙት 400 ያህል ሲሆኑ መሳፍንት፣ መኳንንት፣ የታወቁ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። አዚናራ፣ ሎንጎቡኮ፣ መርኮሊያኖ፣ ቲቮሊ ተበተኑ። ተራው ሰው የሄደው ወደ ደናኔ ወይም ቀይ ባሕር ላይ ወዳለችው የእስር ደሴት ወደ ኖክራ ነው።

ደናኔ ከሞቃዲሾ በታች፣ ሕንድ ውቅያኖስ ዳር ነው። ሴቶችና ሕፃናትም ታስረውበታል። እስረኛ ሆኖ በጸሐፊነት የሠራ ሚካኤል ተሰማ የተባለ ሰው በኋላ በሰጠው ምስክርነት፣ ወደዚያ ከገቡት 6,500 ሰዎች 3,175ቱ ሞተዋል። ውሃው ጨው ነው፣ ምግቡ የተበላሸ ነው፣ ወባ አለ። አዚናራም እስር ነው፤ ግን የተለየ እስር ነው። ባዕድ አገር፣ ብርድ፣ ጥበቃ፣ የቤተ ክርስቲያን ናፍቆት። ስለዚህ የልጅቷን ቤተሰብ ደረጃ ወስኚ። ጸሐፊ ከሆነ ደናኔ ይቀርባል። ጣሊያን ካሰኘሽ አባቷን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጊው፤ ወይም እሷ ራሷ የታወቀች ትሁን። የዚህ ምሳሌ አለ። ስንዱ ገብሩ አውሮፓ ተምረው የመጡ ነበሩ፤ ከጥቁር አንበሶች ጋር ጎሬ ድረስ ሄደው ቁስለኛ አስታመዋል፤ በመጨረሻም ተይዘው ወደ ጣሊያን ተግዘዋል። ሸዋረገድ ገድሌም የውስጥ አርበኛ ሆነው ሲሠሩ ተይዘው አዚናራ ታስረዋል። እነዚህ ሴቶች ቁጭ ብለው ሰው አልጠበቁም። ያንቺዋ ጀግና ግን ከምዕራፍ አምስት ጀምሮ መስኮት አጠገብ ነው የምትገኘው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ፤ ታሪኩን ይገለብጥልሻል። ግራዚያኒ በ1930 መጀመሪያ አካባቢ ተነሥቶ በቦታው የአኦስታው መስፍን መጣ። በእሱ ጊዜ ወደ ጣሊያን ከተጋዙት ብዙዎቹ ምሕረት እየተባለ ወደ አገር ተመለሱ። ሁሉም አይደሉም፤ ራስ እምሩ አገራቸው የገቡት ከነፃነት በኋላ ነው። ስለዚህ እሷ በ1931 አዲስ አበባ ልትሆን ትችላለች። እሱ ግን ገና ታቬታ ነው። አንቺ ሁለቱን አንድ ቀን ነው ያስመጣሻቸው። ብትለያዪያቸው ይሻላል። እሷ ነፃ ወጣች ተባለ፤ የተመለሰችው ግን ጠላት ወደያዘው ከተማ ነው። የአባቷ ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል። ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሄዷል። ነጭና ጥቁር የሚኖርበት ሰፈር ተለይቷል። እሱ የሚያስባት እስር ቤት ነው፤ እሷ የምታስበው ጫካ ነው። ሁለቱም ተሳስተዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዳቸው የሌላውን የተሳሳተ ሥዕል ይዘው ይኖራሉ።

እንግዲህ ደብዳቤው። ጭራሽ አይኑር አልልሽም። ከጣሊያን እስር ቤት ደብዳቤ ይጻፍ ነበር፤ ግን ሳንሱር አለበት። በስደት ያሉት መሪዎችና አርበኞቹም በሱዳን በኩል ይጻጻፉ ነበር። መልእክተኛ በእግሩ፣ ሌሊት ሌሊት፣ ወረቀቱን ደብቆ ይሄዳል። በ1931 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ስደት ላይ የነበሩት ባለሟላቸው ሎሬንሶ ታእዛዝ ራሳቸው በድብቅ ጎጃም ገብተው አርበኞቹን አይተው ተመልሰዋል። ከታቬታ ካምፕ ወደ አዚናራ የሚሄድ የፍቅር ደብዳቤ ግን በየት በኩል? ማን ይዞት? ጠላት የያዘው ሰው ለጠላት ጠላት እየጻፈ ሳንሱሩን እንዴት ያልፋል?

አንድ ደብዳቤ ፍቀጂላቸው። አንድ ብቻ። እሱም ተጽፎ ከዓመት በኋላ የሚደርስ፣ ምናልባትም ለእሷ ሳይሆን ለሌላ ሰው የሚደርስ። በረቂቅሽ ውስጥ ያሉት አሥራ ሦስቱ ቢወጡ ይህ አንዱ ክብደት ያገኛል።

አጻጻፉንም ተመልከቺ። አንቺ «የኔ ፍቅር፣ ያላንቺ መኖር አልችልም» ብለሽ ጀምረሻል። ይህ የአሁኑ ድራማ ነው። የዚያን ጊዜ ደብዳቤ «ይድረስ» ብሎ ይጀምራል፤ ጤና ይጠይቃል፣ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይላል፣ እናትን፣ አባትን፣ ጎረቤትን፣ የንስሐ አባትን በስም እየጠራ ሰላም ይላል። ምክንያቱ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ልጅቷ ማንበብ ብትችል እንኳን እናትየው አጠገቧ ተቀምጣ «እስቲ ምን ይላል?» ትላለች። ስለዚህ ናፍቆቱ ሰላምታው መሐል መደበቅ አለበት። «ስንለያይ የጀመርሽው ጋቢ አልቆ እንደሆነ ንገሪኝ» ብሎ ቢጽፍላት እናትየው ስለ ጋቢ ትሰማለች፤ እሷ ግን ለማን እንደጀመረችው ታውቃለች። እንዲህ ያለ አንድ መስመር ከአንድ ገጽ የፍቅር ቃል ይበልጣል። አጠራራቸውም እንደዚያው ነው። እታለም፣ ወንድምዓለም፣ አንቱታም ካስፈለገ አንቱታ። ሰው ፊት አይነካኩም፣ በስምም ቶሎ አይጠራሩም።

ደብዳቤ ካልደረሰ ታዲያ ምን ይደርሳል? ወሬ። ወሬ በነጋዴ ይደርሳል፣ በካሚዮን ሾፌር ይደርሳል፣ ከገዳም ገዳም በሚዞር መነኩሴ ይደርሳል። አዝማሪም ይዞ ይዞር ነበር፤ ግራዚያኒ ይህን ስለገባው ነው አዝማሪውንም ጠንቋዩንም አስለቅሞ ያስረሸነው። ወሬው ሲደርስ ደግሞ ተቀይሮ ነው። የአንዱ ስም ለሌላው ይሰጣል። ጎጀብ የተማረከው ጎጀብ ሞተ ይባላል።

ከወሬ ሁሉ የከፋው መርዶ ነው። አንቺ መርዶን በሁለት መስመር ነው ያለፍሽው። እኔ ግን የልብ ወለዱን እምብርት እዚህ አደርገው ነበር። መርዶ ዝም ብሎ የሚነገር ነገር አይደለም። ዘመድ ሌሊት ይመካከራል። ማን ይንገራት፣ መቼ ይነገራት፣ እናትየው ትችለዋለች ወይ ይባላል። ንጋት ላይ፣ ከቤት ሳትወጣ፣ ሰዎቹ ተሰብስበው ይመጣሉ። በዚያ ሰዓት በር ላይ ሰው ስታይ ያን ጊዜ ያውቃል ልቧ። ከዚያ ለቅሶው ነው። ሬሳ በሌለበት ለቅሶ የሟቹ ልብስ ይወጣል፣ ፈረሱ ይወጣል፣ ጠመንጃው ይወጣል። በጣሊያን ጊዜ ግን ጠመንጃ ይዞ መገኘት ሞት ነው። የወታደር ለቅሶ ያለ ጠመንጃ ምን ይመስላል? ልብሱን ብቻ ይዘው ሲያለቅሱ ጻፊው። አርባው ይወጣል፣ ተዝካሩ ይደገሳል፣ ካህናቱ ይፈቱታል። ከዚያ በኋላ ሰውየው በሕግም፣ በቤተ ክርስቲያንም፣ በጎረቤትም ዘንድ ሞቷል።

እሱ ግን ታቬታ ተቀምጦ ቁርሱን እየበላ ነው።

ይኸው የፍቅር ታሪክሽ። ወታደር ሲመለስ ያገኘው የራሱን ተዝካር የበላ ሰፈር ነው። እንዲህ ያለው ነገር በዚያ ጊዜ እንግዳ አልነበረም። ከእስር፣ ከስደት፣ ከጫካ ሲመለስ ሚስቱ አግብታ ያገኘ ስንት አለ። ሁሉም ሊጠሉ የሚገባቸው ሰዎች አልነበሩም፤ ሁሉም በቅን ልብ ያለቀሱ ነበሩ።

እዚህ ላይ የጋብቻው ዓይነት ወሳኝ ነው። አንቺ «ታጭተዋል» ብለሽ አለፍሽ። መታጨት ብቻ ከሆነ የሚያስራት ነገር የለም፤ መርዶው በመጣ በዓመቱ ቤተሰብ ሌላ ሽማግሌ ይቀበላል፣ ሳይመጣም ሊቀበል ይችላል። በቁርባን ከሆነ ደግሞ እስከ ሞት ነው፤ ሞቱ እርግጠኛ ካልሆነ ሌላ ባል ማግባት የነፍስ ጉዳይ ይሆናል። ግን ወጣት ባልና ሚስት መቁረባቸው የተለመደ አልነበረም፤ የቄስ ልጅ ካላደረግሻት አያስኬድም። እኔ ሰማንያን እመክርሻለሁ። ዘመቻው ሲታወጅ ቸኩለው፣ ሽማግሌና ዋስ ጠርተው፣ በሰማንያ ይጋቡ። የሰማንያ ጋብቻ ይፈርሳል። መፍረስ ሲችል አለማፍረሷ ነው ትርጉም ያለው። ንብረቱን የሚፈልግ የባል ወንድም አለ፤ «አልፎልሽ ኑሪ» የምትል እናት አለች፤ ከጣሊያን ጋር ገብቶ የከበረ ጠያቂ አለ። ሁሉም ሰው «ሞቷል» ሲላት እሷ ብቻ አልቀበልም ካለች ጎረቤቱ እብድ ይላታል። ካመነች ደግሞ ታገባለች። ሁለቱም ጥሩ ልብ ወለድ ነው። ሁለቱንም ለመያዝ መሞከር ነው ያስቸገረሽ፤ ታምናለችም፣ ትጠብቃለችም።

ጣሊያናዊው መኮንን ላይ ልምጣ። እዚህ በጣም ፈራሁልሽ። እንዳለ ከቀረ አንባቢ መጽሐፉን ይዘጋዋል። መልከ መልካም ነው፣ ግጥም ያነባል፣ ያዝንላታል፣ እሷም ልቧ ይከፈላል። የሚጎድለው ነገር እሷ እምቢ ማለት ትችል እንደሆነ ነው። ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ቤቷን የያዘባትን ሴት «ትወጂኛለሽ?» ሲል ጥያቄው ጥያቄ አይደለም። ይህን የሚያውቅ ገጸ ባሕርይ አድርጊው፤ ወይም እሷ ታውቀው።

በሕጉ በኩል ደግሞ ከምታስቢው የበለጠ ጉድ አለ። ፋሺስቱ መንግሥት ሚያዝያ 1929 ባወጣው ድንጋጌ፣ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰራል። በ1931 ጋብቻውም ጭራሽ ተከለከለ። በ1932 ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከእንደዚህ ያለ ግንኙነት የተወለደውን ልጅ ልጄ ነው ብሎ እንዳይቀበል ታገደ። ገንዘብ ከፍሎ ሴት ቤት መሄድ ግን አያስቀጣም። ወንጀሉ አብሮ መተኛቱ አልነበረም፤ መውደዱ ነበር። ስለዚህ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ የሚመረመረው የፍቅር ምልክት ነው። አብረው ይበላሉ ወይ? አንድ አልጋ ላይ ያድራሉ ወይ? ስጦታ ሰጥቷታል ወይ? ሲያማት አስታሟታል ወይ? የታሰረው እሱ ቢሆንም ጓዳዋ በአደባባይ የተዘረዘረው የእሷ ነው።

ለፍቅር ደራሲ ይህ ወርቅ ነው። መኮንንሽ በእውነት ከወደዳት መደበቅ ያለበት ከእሷ ባል አይደለም፤ ከገዛ መንግሥቱ ነው። እሷ ደግሞ ለምን እንደቀረበችው ምክንያት ስጪያት። የወንድሟን ስም ከእስረኞች ዝርዝር ለማስወጣት? ለውስጥ አርበኞች ጥይትና ወሬ ለማውጣት? ለሆዷ? የመጨረሻውም ነውር አይደለም፤ ከተማው ተርቦ ነበር። ከነፃነት በኋላ ግን ሰፈሩ ሦስቱንም ምክንያት በአንድ ስም ነው የሚጠራው። ልጅ ከወለደችም ልጁ አባት የለውም፤ በሕግ ተከልክሎ ነው። ይህን መኮንን ከታሪኩ ማውጣት አያስፈልግሽም። የፍቅር ሦስተኛ ማዕዘን ማድረጉን ግን ተዪው።

የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ጥቂት። አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ቀን 1933 ነው፤ ከደቡብ በመጣው የእንግሊዝ ጦር። በዚያው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ነበሩ። እሳቸው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው፤ አንቺ ሁለቱን ቀን አንድ አድርገሻቸዋል። መሐል ላይ አንድ ወር ገደማ አለ። በዚያ አንድ ወር ከተማው ከጠላት ነፃ ነው፤ እሱ ግን አልደረሰም። እሷ ምን ታደርጋለች? ከጎጃም የሚመጣውን ሁሉ ትጠይቃለች? ወይስ አዲሱ ባሏ እንዳያውቅ ዝም ትላለች? ይህ ወር ሙሉ ክፍል ይወጣዋል።

መገናኘታቸውን ደግሞ ሰልፉ ላይ ባታደርጊው ደስ ይለኛል። ሰልፍ ላይ ሰው ሰውን አያገኝም። ከዚያ ይልቅ ከሰልፉ በኋላ ያለውን መራራነት ጻፊ። ከስደት የተመለሰው፣ ጫካ የከረመው፣ ከጠላት ጋር ያደረው፣ ሦስቱም አንድ ከተማ ውስጥ ሹመትና ርስት ይጠይቃሉ። አርበኛው ስደተኛውን «ጥለኸን ሄድክ» ይላል። ልጅሽ ከኬንያ መጥቷል፤ ጎጃም ላይ ቢደማም ሰፈሩ የሚያውቀው ስደተኛ መሆኑን ነው። እሷ ከተማ ቀርታለች፤ እሷም ከሐሜት አልዳነችም። ሁለቱ ተፋጠው ሲቀመጡ ሁለቱም የሚጠየቁት ነገር አላቸው። «ለምን አልጻፍክልኝም?» ብላ ብትጀምር መልሱን አንባቢው አስቀድሞ ያውቀዋል፤ እነሱ ግን አያውቁትም።

ቀሪው የእርማት ሥራ ነው። በ1927 ትዕይንትሽ ላይ ልጅቷ «ፒያሳ» ትሄዳለች፤ ያን ጊዜ አራዳ ነው። መርካቶና ካዛንቺስም ከጣሊያን ጋር የመጡ ናቸው፤ ከ1929 በፊት አታስገቢያቸው። የጂቡቲ ባቡር ሌሊት አይሄድም ነበር፤ አዋሽና ድሬዳዋ ያድራል፤ ስለዚህ የስንብቱ ጉዞ ሦስት ቀን ይፈጃል። ምዕራፍ ሁለት ላይ ያለው የውሃ ጀሪካን ይውጣ፤ እንስራ አድርጊው። የጣሊያን ሰነድ ስትጠቅሺ የፋሺስት ዘመን ቁጥር ጨምሪበት፤ የካቲት 1929 በእነሱ አቆጣጠር 15ኛው ዓመት ነው። የባንዳው ጠያቂ ጥሎሹን በሊሬ ያመጣል ብለሻል። ሰው ሊሬን አያምንም ነበር፤ ጣሊያን ብታስገድድም የሚፈለገው ማርያ ቴሬዛ ብር ነው። ጥሎሹን በብር ያምጣ፤ ከየት አገኘው ብላ እናትየው ትጠይቅ።